የአባቴ በእግር የሚነሳው ሞተር

«አዲስ ላስይዝሽ እያልኩሽ፣ ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልሻል?»

አጎቴ ነው የጠየቀኝ፣ በተመረቅኩ በሳምንቱ፣ የከተማችን ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያለው ቤታችን በር ላይ ቆሞ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ ቆላው ጫኖ ላም ታመመች ሲሉኝም፣ ደጋው ዶርዜ በግ ታመመ ሲሉኝም መሄድ አለብኝ፤ ያለ ሞተር አይሆንም። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ደግሞ አሮጌ ሞተር ተቀብሎ አዲስ የሚሰጥ ነጋዴ አለ። ጭማሪውን አጎቴ ራሱ ሊችልልኝ ነው፤ የምርቃት ስጦታዬ መሆኑ ነው።

እኔ አፌ ላይ የመጣውን ነው የምናገረው፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ይሄን ጥያቄ ግን መመለስ አቃተኝ። ስጦታ ነው፣ ያውም የአጎት። አልፈልግም ካልኩት ናቀችኝ ይላል። እሺ ካልኩት ሞተሩ ይሄዳል።

«አስብበታለሁ» አልኩት።

ሞተሩ ድሮ ቀይ ነበር ይላሉ። እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ግን ቀለሙ ይሄ ነው የሚባል አይደለም። አባቴ ግብርና ቢሮ ሲሠራ የጋሞን ደጋ የዞረው በሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው ሌላ ሰው አይነካውም ብሎ ገዛው። ጉልበቱን ሲያመው ለኔ ተወልኝ። በቁልፍ አይነሳም፣ በእግር መምታት ነው። ደህና ሲሆን ሦስቴ፣ ሲያኮርፍ ሰባቴ። ጭራሽ እንቢ ካለ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት መልቀቅ፣ ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ከዛ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። ጎረቤቶቻችን መንጋቱን የሚያውቁት በኔ ሞተር ነው፤ እንደማይወዱትም ነግረውኛል።

የአጎቴ ሞተር አዲስ ነው። በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ይነሳል፣ ድምፁ እንኳን አይሰማም። ባለፈው ክረምት ግን ፊቱ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት በራችና አልነሳም አለ። ሲቀላ ያሉ መካኒኮች ተራ በተራ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ወር ቆርቆሮ ሥር ቆመ፤ አጎቴም በሚኒባስ ሲጋፋ ከረመ። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ አይወራም።

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ከዛ አክስቴ ምርቃቴን አስመልክታ ዶርዜ ቤቷ ደገሰችና እሁድ ጠራችን። ነጋዴው ሰኞ መልስ ይፈልጋል። አባቴና እናቴ በመኪና ቀደሙ፣ እኔና አጎቴ በየሞተራችን ተከተልን።

ዳገቱን እንደጀመርን የአጎቴ ስልክ ጠራና አንድ መታጠፊያ ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። አውርቶ ሲጨርስ ተነሳን። ሁለት መታጠፊያ እንደሄድን የኔው ሁለቴ አሳለውና ቀጥ አለ።

የአጎቴ ፊት በራ። «ሽማግሌው ታመሙ እንዴ፣ ዶክተር?»

መታሁት፣ መታሁት፣ የለም። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁና በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት፤ የድግስ ቀሚስ ነው። መልሼ አሰርኩት። አሁንም የለም። ቤንዚን የሚጠራቀምበትን ካርብሬተር ከሥር ከፈትኩት። ውስጡ ደረቅ ነው። አንድ ደቂቃ ቆም ብዬ ባስብ እኮ ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «ቆሻሻ ነው» ብዬ እነፋለሁ፤ አፌ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

«በኔው ላይ ታፈናጠጪ? ድግሱ አለቀ» አለኝ አጎቴ።

«ዝም በል፣ ጋሼ።»

ከላይ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ጋቢዎች በላስቲክ ጠቅልለው ተሸክመው ሲወርዱ አዩንና ቆሙ። እኔን ሳይሆን ሞተሩን ነው ያዩት።

«ይሄ የዚያ የግብርናው ሰውዬ አይደለም?»

«አባቴ ነው» አልኳቸው።

«እሱም እዚሁ አካባቢ ነበር የሚቆመው።» ሸክማቸውን አወረዱና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ አዩኝ። «ልጄ፣ ቤንዚኑን ከፍተሻል?»

አልከፈትኩም።

አባቴ ነው ያስለመደኝ። አሮጌ ካርብሬተር ያንጠባጥባል፣ ስለዚህ ሞተር ባቆምሽ ቁጥር ከታንከሩ ሥር ያለውን የቤንዚን መዝጊያ ዝጊ ይለኛል። አጎቴ ስልክ ሲያነሳ እጄ በራሱ ዘግቶታል። መክፈቱን ማን ያስታውስ። ካርብሬተሩ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ሁለት መታጠፊያ አደረሰችን፣ በቃ።

«አይዞሽ፣ አባትሽም አንዴ ይሄን ሁሉ እዚህ መሬት ላይ ዘርግቶት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያኔም እኔ ነኝ የነገርኩት።»

አጎቴ በነጭ ሱሪው አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ልናደድ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፤ እኔንም ሳቁ ያዘኝ። እንባዬ እየወረደ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ፣ ቤንዚኑን ከፈትኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሳ። ሽማግሌው በድምፁ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሸክማቸውን አነሱና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አክስቴ ቤት ቆጮና የሚያቃጥለው ዳጣ ቀርቦ እየበላን አጎቴ ታሪኩን ሦስቴ አወራው። በሦስተኛው ወሬው ላይ የኋላ ጎማውንም ፈትቻለሁ። ሽማግሌው ስለ አባቴ ያሉትን ስጨምርበት ሳቁ ወደ አባቴ ዞረ፤ እሱ ደግሞ የቀርከሃውን ጣሪያ ዛሬ ገና እንዳየው ሰው ቀና ብሎ ያያል።

ሳቁ ሲበርድ አጎቴ ወደኔ ዞረ። «እሺ ዶክተር፣ ነገ ሰውየውን ምን ልበለው? አሁንስ ይሄ አሮጌ ምን ያደርግልሻል?»

አፌ ውስጥ ያለውን ዋጥኩ።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስላሰብክልኝ ደስ ብሎኛል፤ ግን አልፈልግም። ይሄ ሲበላሽ እኔው እፈታዋለሁ፣ ከደነዘዝኩም መንገደኛ ይነግረኛል። ያንተ ሲበላሽ ግን ሁለት ወር መጠበቅ ነው። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ የሻይ ውሃ እስኪፈላ እንኳን አልጠብቅም።»