የመብላት ቀኖና

መጾም እችላለሁ። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ወገዳ ገበያ ዳር ከልብስ ስፌት መኪናዬ ኋላ ተቀምጬ ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ የሚያውቁኝ ሰዎች በዚህ አይጠራጠሩኝም። ሁዳዴ ገብቶ ሌላው ሰው ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን እያየ ሲያዛጋ፣ እኔ እግሬን ከመርገጫው ሳላነሳ ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል። ቤቴ ገብቼም ቶሎ ወደ እህል አልቀርብም። እጄን ታጥቤ፣ ቤቱን ጠርጌ፣ የተዘበራረቀውን ሁሉ ቦታ ቦታው አስይዤ ነው የምቀመጠው። ሆዴን እንደዚያ ሳዘው ደስ ይለኛል። ትዕቢት ነው ቢሉኝ አልከራከርም።

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ የተነገረኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። የውኃ ጥሙ አላስቀምጥ ሲለኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ ደሜን መርምረው ጠዋትና ማታ የምወጋውን መርፌ ሰጡኝ። ልጄን የምታክል ነርስ አወጋጉን አሳየችኝ። መድኃኒቱ ሙቀት ስለማይወድ እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ እንዳስቀምጠው፣ ከተወጋሁ በኋላ ሳልቆይ እህል እንድቀምስ፣ ምሳም እንዳላሳልፍ፣ ከረሜላ ከኪሴ እንዳይጠፋ ደጋግማ ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከመርፌ ጋር ስለኖርሁ መወጋቱ አላስፈራኝም። የመብላቱን ነገር ግን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍሁት፤ ሁዳዴ ሲደርስ ይታያል አልሁ።

ሁዳዴ ደረሰ። በዚያ ዓመት ረመዳንም አብሮ ገጥሞ ስለነበር በረንዳችን ላይ ሁላችንም ጾመኞች ነበርን። በረንዳውን የሚጋሩኝ ጎረቤቴ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ጨርቁን ይሸጣሉ፣ እኔ እሰፋዋለሁ። ጾማችን ሲገጥም እንፎካከራለን፤ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለሚቆዩ አሸነፍሁሽ ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ የእርስዎ ሲያልቅ የእኔ ገና ነው እላቸዋለሁ። እንዲህ እየተሟገትን ቀኑ ይመሻል።

ጠዋት ጠዋት መርፌዬን እንደታዘዝሁት ተወጋሁ። እህሉን ግን ለዘጠኝ ሰዓት አቆየሁት። ለእኔ ይህ ብልሃት ነበር፤ ሐኪሙንም ቤተ ክርስቲያኑንም አላስቀየምሁም ብዬ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተንቀጠቀጥሁ አለፍኋቸው። አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ግን ላብ አጠመቀኝ፣ በእጄ የያዝሁት ጨርቅ ሁለት ሆኖ ታየኝ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ነው የነገረኝ። መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ግማሹ ቡዳ ነው ሲል ግማሹ ጠበል አምጡ ይል ነበር አሉ። የጋሼ ሟች ባለቤት በዚሁ በሽታ ሲሰቃዩ ኖረው ነበርና ጋሼ ላቤን ሲያዩ ገባቸው። ከሻይ ቤት ስኳር አስመጥተው በጣታቸው ድዴ ላይ አሹልኝ፤ ነፍሴን ሳውቅ ደግሞ በውኃ በጥብጠው አጠጡኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ሰዓቱን ነው። ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው አሉኝ። ያተረፉኝን ሰው ጾሜን አስገደፉኝ ብዬ ተቆጣኋቸው። ሳላመሰግናቸው ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ከዚያ በኋላም በረንዳው ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬ ደረቅ ነበር።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥፋቱን መርፌው ላይ አገኘሁት። የሚያንቀጠቅጠኝ እሱ ነው፤ እሱ ባይኖር ጾሜን ማንም አይነካብኝም። ስለዚህ ማሰሮውን ከድኜ መርፌውን ለፋሲካ አቆየሁት። ንፋስ መውጫ የምትሠራው ልጄ በየጠዋቱ እየደወለች መብላቴን ትጠይቀኛለች። በላሁ አልላትም፤ በጾም መዋሸት ሌላ መግደፍ ነው። አታስቢ እላትና ኔትወርኩን አማርሬ እዘጋዋለሁ።

እውነትም መንቀጥቀጡ ቀረ። በእሱ ፈንታ ዓይኔ መድከም ጀመረ። የሰው ፊት በጉም ውስጥ እንዳለ ሆነብኝ፣ ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ስሰደው በጎኑ ያልፋል። ወቅቱ የፋሲካ ልብስ የሚሰፋበት ነው፤ ሥራው ተቆልሏል። አንዲት እናት ለልጇ ቀሚስ ብላ ያመጣችውን ጨርቅ መሥመሩን ስቼ ቆረጥሁት፤ የማይጠገን ሆነ። ጋሼ አይተው ከጥቅሉ ያንኑ ጨርቅ ለክተው፣ ቆርጠው፣ መኪናዬ ላይ አኖሩልኝ። ሰላምታ ለነፈግኋቸው ለእኔ ይህን ሲያደርጉ አፈርሁ። ከእፍረቱ በላይ ግን ፈራሁ። ያስፈራኝ ሞት አልነበረም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የማንንም እጅ ሳላይ ልጄን አሳድጌ የኖርሁት በዚህ ዓይኔ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሰው እጄን ይዞ የሚመራኝ፣ ሰው የሚያጎርሰኝ ሴት ልሆን ነው።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ነርሷ ደሜን መረመረች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችኝም። መርፌውንና እህሉን በሰዓቱ ካደረግሁ ብዥታው ሊመለስ እንደሚችል፣ እንዲህ ከቀጠልሁ ግን ዓይኔን ማንም ሊመልሰው እንደማይችል ነገረችኝ። ስለ ጾሜ ስነግራት አልተከራከረችኝም። የነፍስ አባቴን ጠይቄ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። አልጠየቅሁም ነበር።

የነፍስ አባቴ የሚያገለግሉበት ደብር ከከተማው ወጣ ይላል። መንገዱ እስከሚያስኬድ በባጃጅ ሄጄ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። በወጣትነታቸው የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነችው ቤተ ልሔም ወርደው የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግራቸው እንደ ዜማቸው የተረጋጋ ነው። ከቅጥሩ ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መውደቄን፣ መርፌውን መተዌን፣ ዓይኔን።

«ለምን አልጠየቅሽኝም ልጄ?» አሉኝ።

መንገዱ ርቆብኝ ነው ልል ነበር፤ የፋሲካ ሥራ በዝቶብኝ ልል ነበር። ያሰብሁትን ሁሉ ትቶ አፌ እውነቱን ተናገረ።

«ብይ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው አባ።»

ትንሽ ሳቅ አሉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበርና ሳቃቸውን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ። «መራብ አይከብድሽም፤ ለምደሽዋል» አሉኝ። «አንቺን የሚከብድሽ መብላት ነው። እንግዲያው ጾምሽ እሱ ይሁን። ከሥጋውና ከወተቱ እንደ ሰው ሁሉ ትከለከያለሽ። ሰዓቱን ግን ትተሽ ሐኪም ባዘዘሽ ጊዜ ትበያለሽ። ይኼ ቀኖናሽ ነው፤ አንድ ቀን ካስታጎልሽ መጥተሽ ትናዘዢልኛለሽ።»

ዳገቱን ስወርድ አለቀስሁ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ ያን ጊዜ አልለየሁትም። አሁን ሳስበው ግልግል ነበር። የነርሷ ትእዛዝና የጾሙ ሥርዓት ግራና ቀኝ ይዘው ሲጎትቱኝ ከርመው፣ አሁን ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ሂጂ አሉኝ። ሰበብ የማደርገው ሰው አልቀረም። ከእንግዲህ ብበላም ብተውም የእኔ ጉዳይ ነበር።

ሲጀመር ግን ቀላል አልነበረም። ጠዋት መርፌዬን ተወግቼ ሽሮ በእንጀራ አቀረብሁ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ መልሼ አኖርሁት። ደወል እየተሰማ፣ ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ በደጄ ወደ ኪዳን ስታልፍ፣ እኔ በጠዋት ቁጭ ብዬ አላምጣለሁ። ቀኖና ነው፣ ቀኖና ነው እያልሁ በውኃ አወረድሁት። ደስ ባለኝ ቀን ብበላ፣ ባልተመቸኝ ቀን ብተወው ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ። የከበደኝ በየቀኑ መሆኑ ነበር፤ ሲያምረኝም፣ ሲያስጠላኝም፣ እንግዳ ሲመጣም፣ ሥራ ሲበዛም። ልጄ ስትደውል አሁን በላሁ እላታለሁ፤ መጀመሪያ አላመነችኝም፣ ምን እንደበላሁ እያስዘረዘረች ትመረምረኝ ነበር።

ምሳው ከቁርሱ ባሰ። ከጋሼ ጋር ይቅርታ ጠይቄያቸው ታርቀን ስለነበር ሱቃቸው ውስጥ እንድበላ ፈቀዱልኝ። የስልካቸው አዛን ለቀትር ሲጮህ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል፤ እኔ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ገብቼ እበላለሁ፣ እሳቸው ከንፈራቸው በጾም ደርቆ በር ላይ ሰው ይመልሱልኛል። እንዲህ ከርመን አንድ ቀን «ሌባ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። «ውጪ ተቀምጠሽ ብይ።»

እርስዎ በጾም ላይ ሆነው ፊትዎ እንዴት እበላለሁ አልኋቸው። ጨርቁን እያጠፉ ሟች ባለቤታቸውን አነሱ። ሴትዮዋ በሽተኛ እንዳይጾም የተፈቀደ መሆኑን እያወቁ፣ ሰው ፊት መብላት አፍረው በረመዳን ከጋሼ ተደብቀው ይጾሙ ነበር። ምሳዬን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

ሰው አየኝ። አንዲት ደንበኛዬ ትከሻዋን እየለካሁላት «አንቺም ገደፍሽ?» አለችኝ። ምላሴ አጭር አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ወገቧ ከአምናው እንደሰፋ እነግራት ነበር። ታዝዤ ነው አልኋትና ሜትሩን ወደ ወገቧ አዞርሁት። ስፋቱንም አልነገርኋት። እየቆየ ሲሄድ ማየታቸውን ተውት፤ እኔም እያዩኝ መሆን አለመሆኑን መመልከቴን ተውሁ። ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ በአንዱ ጠዋት ክሩን በምራቄ አርሼ ወደ መርፌው ስሰደው ገባ። አላመንሁትም። አውጥቼ እንደገና ሰደድሁት፣ ገባ። ጋሼ ምን ያስቅሻል ሲሉኝ መርፌውን ከነክሩ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉ።

ስቅለት ግን ገና ቀርቶኝ ነበር። ሌላውን ቀን ሁሉ ብበላ፣ በስቅለት ቀን ሲበላ ያየሁት ሰው የለም። ከዋዜማው ጀምረው እህል ሳይቀምሱ የሚያከፍሉ አሉ፤ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌዎች እንኳ በባዶ ሆዳቸው ሲሰግዱ ይውላሉ። ቁርሴን ቤቴ በልቼ ነው ወደ አባ ደብር የሄድሁት፤ ያን ማንም አላየም። ቀትር ሲሆን በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁት ቂጣ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቷል፣ ሴቱ በአንድ ወገን ወንዱ በአንድ ወገን ይሰግዳል። ለዛሬ ብቻ ብተወውስ አልሁ። ዛሬ እኮ ስቅለት ነው፣ አባም ውስጥ ናቸው፣ ማን ያውቅብኛል? ሰው ለመብላት ይፈተናል፤ እኔ ላለመብላት ስፈተን ቆየሁ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ያን የገበያ ቀን አስታወስሁ። ከሰጋጆቹ መካከል ወጥቼ አንዱ ዛፍ ሥር ተቀመጥሁና ቋጠሮዬን ፈታሁ። ጀርባዬን ለሰው አልሰጠሁም።

ሁለት ጊዜ እንደጎረስሁ አንዲት እናት አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ከጎኔ ያንኑ ዛፍ ተደግፋ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ነበረች። እሷ ግን ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ተጠግታ በዝግታ ተናገረች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«የነፍስ አባቴ።»

«እኔም መርፌ እወጋለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ፊቷን በደንብ ያየሁት። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ የነጠላዋን ጫፍ የያዘው እጇ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ተወግታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ተወግታለች። በልታ እንደሆነ ስጠይቃት አልበላሁም አለች። የነፍስ አባቷን ጠይቃ ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ለምን አልጠየቅሻቸውም አላልኋትም። ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ከረሜላውን ከኪሴ አውጥቼ አፏ ውስጥ ከተትሁላት። ቂጣውን ቆርሼ ስሰጣት ግን ተቀብላኝ ያዘችው እንጂ አልጎረሰችውም። ዛሬ ስቅለት አይደለም ወይ አለችኝ።

«ነው» አልኋት። «ስግደቱ ሲያልቅ አባትሽ ዘንድ አብሬሽ ሄጄ እኔው እናገርልሻለሁ። አሁን ብይ።»

ዓይኗን ጨፍና በላች። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ዳገቱን ስወርድ ያለቀስሁትን ልቅሶ አወቅሁት። የቀረችኝን ቂጣ ከእሷ ጋር ጨረስሁ። እጇ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅን፤ ላቧ ደረቀ፣ የፊቷ መልክ ተመለሰ። ከዚያ ነጠላችንን አስተካክለን ተነሣንና ስግደታችንን ካቆምንበት ቀጠልን።