ፊርማ ፍለጋ እስከ ጉደር

ረቡዕ፣ ንጋት

ከመርካቶ የተነሳነው ጎሕ ሲቀድ ነው። የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጨው፣ በርበሬና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ተጭኗል። ክረምቱ ገብቷል፤ መስኮቱ ላይ ጠል አለ። ከጎኔ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ለማ ያንጎላጃል። ጉደር ውስጥ ለብዙ ዓመት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆኖ ሠርቷል፤ የአገሩ ሰው ግን «ሐኪም» ነው የሚለው። ዘንድሮ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሊወዳደር ቆርጧል። እኔ ታናሽ እህቱ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጸሐፊው ሆኜ ተከተልኩት።

አዲስ ዓለም ላይ ለቁርስ ወረድን። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ኮረብታው ላይ በጉም ተሸፍናለች። እንቁላል ፍርፍርና ሻይ ቀረበልን። ሾፌሩ አብሮን ተቀመጠና የጋሼ ለማን ሥራና የጉዟችንን ምክንያት ሰማ።

«የትኛው ሹም ነው የላከዎት?» አለው ጋሼ ለማን።

«ማንም አልላከኝም።»

«ታዲያ በምን ይገባሉ?»

«ሰዎች ከፈረሙልኝ እገባለሁ።»

ሾፌሩ ሻዩን ጨልጦ፣ «እንግዲህ ብዙ ሰው ያክሙ ነበር ማለት ነው» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

ከጊንጪ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሀገረ ሕይወት የገባነው ምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዉ አሁንም «አምቦ» ነው የሚላት።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሹም ቀጭንና ጨዋ ሰው ናቸው። ደንቡን በዝግታ አስረዱን። ዕጩ ሁሉ ለራሱ ይቆማል። በወረዳው በመራጭነት የተመዘገቡ፣ ቁጥራቸው በደንቡ የተወሰነ ሰዎች ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙለታል፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትማል። የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ማታ ነው።

«አንድ ሰው ቢጎድልስ?» አልኳቸው።

«አንድም ቢጎድል አልመዘግብም፣ እቴ። ደንብ ነው።»

ሐሙስ፣ ጉደር

የገበያ ቀን ነው። የወንዙ ድምፅ ከገበያው ጫጫታ ጋር ይደባለቃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ገንቦ፣ የማር ቀፎ፣ የረጠበ ጋቢ ሽታ። ጋሼ ለማ አንድ ዋርካ ሥር ቆመ። ገበያተኞቹ «አካም ጂርታ፣ ሐኪም!» እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጡት ይመጣሉ፤ አንዱ የዳነ እግሩን፣ ሌላው የልጁን ክንድ ያሳየዋል። እኔ ስም እጽፋለሁ፣ እነሱ ያትማሉ። ጣቴ ሁሉ ቀለም ሆነ። ከሰዓት በኋላ የተጠየቀው ቁጥር ሞላ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኦቦ ፈይሳ ተመልሰው መጡ። ጠዋት ከፈረሙት አንዱ ናቸው፤ የሌላ ሰው መሬት የሚያርሱ ጢሰኛ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ሐኪም፣ ስሜን አውጣልኝ» አሉ። «የባለርስቱ ወኪል አይቶኛል። ጌታው ሌላ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

ጋሼ ለማ ብዕሩን ከእጄ ተቀብሎ ስማቸውን ራሱ ሰረዘ። ከዚያ የጉልበታቸውን ሕመም ጠየቃቸው።

ሲሄዱ ተናደድኩ። «ትንሽ እንኳ አትለምናቸውም?»

«ከመሬቱ ቢያባርሯቸው ልጆቻቸውን የት አስጠጋላቸዋለሁ?» አለኝ። ድምፁ አልተለወጠም፤ እራቱን ግን ሳይነካው ተነሳ። አንድ ሰው ጎድሎናል፤ ገበያውም ተበትኗል።

ዓርብ፣ ጠዋት

ያደርንበት ቤት ባለቤት አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በራሳቸው ቦታ ላይ ገንቦ የሚሸጡ ሴት። ቁርስ ሲያቀርቡ ፊታችንን አይተው ምን እንደሆንን ጠየቁ። ነገርኳቸው።

«እኔስ?» አሉ።

ጋሼ ለማ ቀና ብሎ አያቸው። «ተመዝግበዋል እንዴ፣ አዴ?»

ከመቀነታቸው ውስጥ የታጠፈ የምዝገባ ወረቀት አወጡ። «ገና ድሮ። ትናንት ዋርካው ሥር ሁለቴ አለፍኩ። ሴት የጠራ የለም።»

እውነት ነው፤ አንዲትም ሴት አልጠየቅንም ነበር። አዴ ጫልቱ አተሙ። ሹሙ ጥያቄ እንዳያነሱ ብለውም ነጠላቸውን ደርበው አብረውን ተሳፈሩ።

ዓርብ፣ አምቦ

ሹሙ ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መጨረሻው ላይ ቆሙ። «ጫልቱ... ሴት ናት?»

«ነኝ» አሉ አዴ ጫልቱ።

ሹሙ ደንቡን አውጥተው አነበቡ፤ ገጽ ገለጡ፣ እንደገና አነበቡ።

«ኢትዮጵያዊ ይላል እንጂ ወንድ አይልም» አሉ በመጨረሻ፤ ማኅተሙንም መቱ።

ውጭ ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የአምቦ ውኃ ገዝተን ቆመን ጠጣን።

«አሁን ተመረጥክ ማለት ነው?» አሉት አዴ ጫልቱ።

«አይ፣ አዴ። እንድወዳደር ተፈቀደልኝ እንጂ።»

«ይህ ሁሉ ለፈቃድ ብቻ?» አሉና ሳቁ። ጠርሙሱን መለሱለት፤ የጉደር አውቶቡስ ሲመጣም ከሁላችንም ቀድመው ወጥተው የፊቱን ወንበር ያዙ።