ጭቃ ያልነካው ማልያ

የኮሌጁ ቡድን ሁለት በረኞች አሉት። አንዱ ይጫወታል፣ አንዱ ይቀመጣል። የኛ ሰው የሚቀመጠው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጃኬቱን ሳያወልቅ ስለኖረ ስሙ ተረስቶ «ጃኬት» ሆኖ ቀረ። አጥቂ ቢሆን እንኳ አንዱ ሲደክም ሌላው ይገባል፤ በረኛ ግን መቼ ደክሞት ያውቃል? በዚህ ሁሉ ጊዜ ሜዳ የረገጠው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ቡድኑ አምስት ለባዶ ሲመራ ለአራት ደቂቃ። ኳሷ ዞር ብላም አላየችው።

መቀመጥ የሚሆንለት ሰው ቢሆን ደግሞ ደህና ነበር። ጃኬት አይቀመጥም፤ ይቁነጠነጣል። የውሃ ኮዳዎቹን ይደረድራል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይደረድራል። ጉልበቱን ሲያርገበግብ ወንበሩን የተጋሩት ሁሉ አብረውት ይናጣሉ። ኳስ ወደ ግብ በሄደች ቁጥር ሳያውቀው ወደ ጎን ይዘነበላል። «ዛሬ ወንበር ላይ ስንት አዳንክ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ አንጀቱ ግን እርር ይላል።

ዋናው በረኛ «ግንቡ» ይባላል፤ ቁመቱን ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ክፉ ልጅ ቢሆን ጃኬት ደስ ብሎት ይጠላው ነበር። ችግሩ ግንቡ የዶርም ጓደኛው ነው፤ ካልሲ ያውሰዋል፣ ለፈተና ያስጠናዋል፣ ሲታመም ምግብ ተሸክሞለት ይመጣል። ሰውን እየወደዱ ቦታውን መመኘት ምን ያህል እንደሚያስጠላ ጃኬትን ጠይቁት።

በዚህ ላይ ውሸት አለ። አባቱ ብስክሌት ጠጋኝ ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ይደውላሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰኞ «ቅዳሜ እንዴት ሆናችሁ?» ሲሉት አፉ አምልጦት «ገባሁ አባዬ፣ ሁለት አዳንኩ» አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ሰኞ ሁለት፣ አንዳንድ ሰኞ ሦስት ያድናል። ነገሩ እንዲታመንም አልፎ አልፎ አንድ ይገባበታል።

የዚህ ሳምንት ሰኞ ግን አባቱ፣ «ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» አሉት። «አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ላይ ሳላይህ ልትመረቅ ነው እኮ።»

«አባዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ምን አደከመህ?»

«አንተ እዚያ ስትወድቅ ስትነሳ ያልደከመህ፣ እኔ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ ነው የሚደክመኝ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጃኬት ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ማክሰኞ ገብቶ የወጣበትን ትምህርት ዛሬም አያውቀውም።

ረቡዕ ልምምድ ላይ ግንቡ የግራ አውራ ጣቱ ተጠማዘዘበት። ዶርም ገብተው ጓንቱን ሲያወልቅ ጣቱ አብጦ ሁለት አክሏል። «ለኮች እንዳትነግር» አለ ግንቡ፤ «ቅዳሜ ይለፍና አሳርፈዋለሁ።» ጃኬት ፕላስተር አምጥቶ ጠቀለለለት። አባቱ የብስክሌት መሪ ሲጠቀልሉ እያየ ነው ያደገው፤ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ ይሸፍናል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲጨርስ ያበጠ ጣት መሆኑ አያስታውቅም ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ ሥራው ጥሩ መሆኑ ራሱ አናደደው።

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። «ጣቱ አብጧል» ካለ ቅዳሜ ግቡ የሱ ነው፤ አባቱ ያያሉ፤ ውሸቱም ዘግይቶም ቢሆን እውነት ይሆናል። ደግሞ ለአሰልጣኙ መንገር ሐሰት አይደለም፣ ለቡድኑም የሚበጅ እሱ ነው። ጃኬትን ያንገበገበው ይኸው ነው፤ እውነቱና ጥቅሙ ተቃቅፈው መጡበት።

ዓርብ የአሰልጣኙ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ። ቢሮው የመረብና የኳስ መጋዘንም ነው፤ አሰልጣኙ ከኳሶቹ መሃል ተቀምጦ የተጫዋቾች ዝርዝር ይጽፋል። ቀና ሳይል፣ «አሁንም ስለ መሰለፍ ከሆነ በሩን ከውጭ ዝጋው» አለ።

«አይደለም ኮች።»

«ታዲያ ምንድነው? ... ለመሆኑ ግንቡ እንዴት ነው?»

እነሆ፣ በሩ ራሱ ተከፈተ። ጃኬት አፉን ከፈተ። ሁለት ዓመት እዚህ ክፍል እየመጣ «አሰልፈኝ» ሲል የኖረ ሰው አሁን የጓደኛውን ጣት ይዞ ቢመጣ ማን ያምነዋል? ለቡድኑ ብሎ ነው ይሉታል ወይስ ለቦታው? እሱ ራሱስ ያውቃል?

«ደህና ነው» አለ።

ዝም አይነቅዝም እያለ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። እስከ ማታ ግን ዝምታው ሆዱ ውስጥ ሲነቅዝ ይሰማው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቦ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ጃኬት የግንቡን ጣት በድጋሚ ጠቀለለ፤ ከረቡዑ የተሻለ አድርጎ። አባቱ ከፊት ረድፍ፣ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ቡድኑ ሲወጣ በረኛው ልጃቸው እንዳልሆነ አዩ፤ ልጃቸውም እንዳዩ አወቀ። ሰባ ደቂቃ ሙሉ አንገቱን ወደዚያ አላዞረም። ኮዳዎቹን እንኳ አልነካም።

በሰባኛው ደቂቃ ሕፃን ልጅ የሚይዛት ኳስ ከግንቡ ግራ እጅ አመለጠችና ገባች። ግንቡ ጓንቱን አውልቆ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ወንበሩም ተመለከተ።

«ጃኬት!» ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ።

ስንት ጊዜ ያለመው ጥሪ ነው፤ ሲመጣ ግን ዚፑ እምቢ አለ። በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ የተከፈተ ዚፕ! ሁለት ሰዎች ይዘው በጭንቅላቱ በኩል አወለቁለት፤ ተመልካቹም በሳቅ ፈረሰ። ጃኬት ጓንቱን እያጠለቀ ሮጦ ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ኳስ ወደ ቀኝ ተመታች። ባለ በሌለ ቁመቱ ተወረወረ፣ ጭቃውን እያረሰ ቋሚው ሥር ደረሰ፤ ኳሷ በክርኑ ሥር ሾልካ ገባች። ሁለት ለባዶ።

ሲወጡ አሰልጣኙ የግንቡን ጣት ይዞ እያገላበጠ ያያል። «ይህን የጠቀለለው ማነው?» አለ። መልስ ግን አላስፈለገውም። ወደ ጃኬት ዞሮ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ትናንት ጠይቄህ ነበር። ብትነግረኝ ዛሬ ከመጀመሪያው ትሰለፍ ነበር» አለው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

አባቱ አጥሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ጃኬት ሊሸሽ አሰበ፣ እግሩ ግን ወደ እሳቸው ወሰደው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ በየሰኞው ስነግርህ የነበረው...»

«እናውቃለን።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ማልያህ። የልምምዱን እዚሁ ታጥባለህ፤ ባለ ቁጥሩን ግን ለእረፍት ስትመጣ እናትህ ናት የምታጥበው። የበረኛ ማልያ ክርኑ ላይ ጭቃ የለው፣ ሳር የለው። ሁለት ዓመት ንጹሕ ማልያ አጠበች፤ እንዳትነግረው ብላ እኔንም አስማለችኝ።»

ጃኬት ክርኑ ላይ ያለውን ጭቃ አየ። «ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?»

«ያንን ወንበር ልየው ብዬ» አሉ አባቱ። «ሁለት ዓመት ልጄን ያስቀመጠው ምን ዓይነት ወንበር ነው ብዬ።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አውልቀው።»

ጃኬት ማልያውን አውልቆ ሰጣቸው። በውስጥ ካናቴራው ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ጃኬቱ ወንበሩ ሥር ወድቋል፣ ሊያነሳው ግን አልሄደም። አባቱ ማልያውን ጭቃው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው አጠፉትና ፌስታል ውስጥ ከተቱት።

«ግቧን አልነግራትም» አሉ። «ጭቃው ይበቃታል።»