ለአማቴ ቦቲ ስመርጥ

አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው፤ እሳቸውን ብትጠይቋቸው ግን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው እኛ ነን። ግቢው የእሳቸው ስለሆነ ልክ ናቸው። ከመቐለ ወደ ዓይናለም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰች በረት አለች። በረቷ ውስጥ አንድ ጥቁርና አንድ ቡራቡሬ ላም አሉ። በክፉው ጊዜ ከአምስቱ የተረፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውንም የለቀሙት በየመናኸሪያው ነው። መሪውን ካስቀመጡ ወዲህ ላሞቹን እንደ መኪናቸው ነው የሚይዟቸው። ጠዋት መጀመሪያ ዞር ዞር ብለው ያዩዋቸዋል፣ ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀመረው።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በሽዳ ነበር። ሽዳ እዚህ አገር ሁሉም ሰው የሚያውቀው የፕላስቲክ ክፍት ጫማ ነው፤ ውሃ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ለጤነኛ እግር ምንም አይልም። አማቴ ግን ስኳር አለባቸው። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ግራ ተረከዛቸው ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ በእበትና በሽንት ውስጥ ሲውል ቁስል ሆነ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ነርሷ ቁስሉን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ቁስል እንደገና በረት ውስጥ ከረጠበ ለእግሩ እፈራለሁ» አለችና የአራት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠችን።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ያን ዕለት ከእኛ ጋር ነበር። ግቢ ስንደርስ ቁርጡን ነገረን። እስከ ቀጠሮው ቀን ቁስሉ መዳን ካልጀመረ ላሞቹ ይሸጣሉ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ አባቱን የሚወድ ሰው ነው። አማቴ ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጣል አድርገው በረቱን ብቻ አዩ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ውሃ የማያስገባ ቦቲ እኔ እገዛላቸዋለሁ፣ ላሞቹም አይሸጡም» አልኩ። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ በዚህ ቤት ምራት ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነበር። በቤተሰብ ጉዳይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ቦቲ ለመግዛት ቁጥር ያስፈልጋል። «አቦይ፣ እግርዎን ልለካዎት» ብል ያለቀ ነገር ነበር። ግን እንዴት ብዬ? እግራቸውን ከራሳቸው ልጆች እንኳ እየደበቁ ነው፤ እኔ ምራት ነኝ። አፈርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ቅየሳ ነው። መሬት እንዴት እንደሚለካ በየዓመቱ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ስለዚህ አማቴ ታጥበው ሲገቡ ጠብቄ፣ በረቱ በር ላይ ጭቃው ውስጥ የቀረውን ዱካቸውን በእንጨት ለካሁና እንጨቱን በልኩ ሰበርኩ። በብልሃቴ በጣም ተደሰትኩ።

እንጨቴን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ሄድኩ። ከበሩ አናት እስከ ደፉ ቦቲ የሰቀለች አንዲት ነጋዴ አለች፤ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ፋብሪካ ውስጥ የሚደረገው ነጩም ሳይቀር። እንጨቱን ከአንዱ ሶል ጋር አስተያየችውና አየችኝ።

«የማን እግር ነው፣ ማዓረይ?»

«የአማቴ።»

«ግዙፍ ሰው ናቸው?»

«አይ፣ መካከለኛ ናቸው።»

አንድ ጊዜ እንጨቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። እኔ ግን ለክቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አርባ አራት ቁጥር ይዤ ወጣሁ።

አማቴ ቦቲውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ፤ ያኔውኑ አድርገው በረት ገቡ። ሲራመዱ ጧ ጧ ይላል። የአዲስ ጎማ ጠባይ መሰለኝ። «ተመቸዎት አቦይ?» ስል በየቀኑ «በጣም! ደሓን ነው ጓለይ» ይሉኛል፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። እኔም በየቀኑ ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

በአምስተኛው ቀን ላጥበው ብዬ አንዱን ቦቲ ስገለብጠው ከጫፉ አንድ እፍኝ ጭድና የተጨማደደ ጋዜጣ ወደቀ። ተረከዙ ጋ ደም ነበር።

አማቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቦቲውን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«አቦይ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ደሓን ነው፤ ትንሽ ሰፍቶኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለፍተሽ ያመጣሽውን ሰፋኝ ልበልሽ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ደሜ ፈላ። የተቆጣሁት በእሳቸው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ዱካው የእግራቸው ሳይሆን የሽዳው መሆኑ፣ ጭቃ ውስጥ የቀረ ዱካ ሁሉ ደግሞ እየሰፋ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አይስተውም። እኔ አፍሬ እግራቸውን አልጠየቅኩም፤ እሳቸው አፍረው ቁስላቸውን አልነገሩኝም። ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ቁስሉን ለአምስት ቀን ስናስፈገፍገው ከረምን።

«እንግዲያውስ አቦይ፣ ላሞቹን በይሉኝታ እንሽጣቸው» አልኳቸው።

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ካልሲያቸውን ራሳቸው አወለቁና እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ አጠብኳቸው፤ በጣቶቻቸው መሐል ያለውን እርጥበት ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩ፤ ቁስሉንም በፋሻ ጠቀለልኩ። ከዚያ ካርቶን ላይ አቁሜ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ አሰመርኩ። የቀኙ ከግራው ትንሽ ይበልጣል። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን አያውቁም ነበር፤ ካርቶኑን ተቀብለው የራሳቸውን እግር እንደ አዲስ ነገር አዩት።

ደሙ እስኪቆም በረት መግባት ተከለከሉ። ባለቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ከፈረቃው ሲመለስ የማለቡ ሥራ በእሱ ላይ ወደቀ። ጥቁሯ ላም አልቀበል አለችው። ወተቷን ይዛ ቆማ አንገቷን ወደ በሩ ታዞራለች፤ በሩ ላይ አማቴ ወንበር አስቀምጠው «ቀስ! እጅህ ይሞቅ! አናግራት እንጂ!» እያሉ ልጃቸውን ያዛሉ። ድምፃቸውን ስትሰማ ትንሽ ትለቃለች። ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ይቃጣቸውና እኔን አይተው ይመለሳሉ። ላሞቹ ቢሸጡ እኚህ ሰው ጠዋት ተነስተው የት እንደሚሄዱ አሰብኩ።

በአራተኛው ቀን ካርቶኑን ይዘን፣ በባጃጅ፣ ሁለታችንም ገበያ ሄድን። ነጋዴዋ እሳቸውንና ካርቶኑን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ማዓረይ፣ ያን ጊዜ የለካሽው የዝሆን ነበር እንዴ?»

አማቴ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ነጩን ቦቲ ስታቀርብላቸው ገና ከሩቅ በእጃቸው መለሱት። «የከብት ሐኪሙ የሚያደርገው ነጭ ነው። ጥቁሯ ነጭ ቦቲ ካየች መርፌ መጣ ብላ ትራገጣለች» አሉ። ነጋዴዋ አልሳቀችም፤ እንዲያውም በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጥቁር ጥቁሮቹን እያነሳች የእግር መታጠፊያው ላይ በሁለት እጇ ጎበጥ ታደርጋቸዋለች። ሲታጠፍ ነጭ መስመር የሚያወጣው ፕላስቲክ ስለሆነ ክረምቱን ሳይጨርስ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል አለችን። ሳይነጣ የሚመለሰውን መርጣ ባልዲ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነከረችው፤ እጄን ውስጡ ከትቼ ደረቅ መሆኑን አየሁ። አማቴ የሶሉን ጥርስ እንደ መኪና ጎማ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንገቱ ሰፊ የሆነ፣ ተረከዙን ሳይፈገፍግ የሚገባ፣ አርባ አንድ ቁጥር አገኘን፤ በወፍራም ካልሲ ልክ መጣ።

ለመሄድ ስንነሳ ነጋዴዋ ለምን እንደፈለግነው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «እንዲያ ከሆነ ሁለት ጥንድ ውሰዱ» አለች። «ውሃ የማያስገባ ጫማ ላብም አያስወጣም። አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ያድርጉ።» የነጋዴ ወሬ መስሎኝ አማቴን አየሁ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው አዩኝና «ልክ ናት። በትልቁ ቦቲ ካልሲዬ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር» አሉ። ይህንንም ደብቀውኝ ነበር ማለት ነው። ሁለት ጥንድ ገዛን። አርባ አራቱን ባለቤቴ ወረሰው፤ ልኩ ነው።

የቀጠሮው ቀን ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ታላቅ ወንድምየው ክንዱን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቁስሉን ሳይሆን ፊቷን ነው። በጣቷ ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጋ «ጠርቷል፤ አዲስ ቆዳ እያወጣ ነው። እንዲሁ ቀጥሉ» አለች። አማቴ ሌላ ሰው ሳይጠይቃቸው እግራቸውን ወደ ትልቁ ልጃቸው ከፍ አድርገው «ናዓ፣ እይ» አሉት። ቀርቦ ዝቅ ብሎ አየ። አየና ቀና ሳይል «ሕራይ አቦይ፣ ላሞቹ ይቆዩ» አለ።

ቤት ገብተን ፈንጠዝያ በፈንጠዝያ ሆንን። ከቅዳሴ በኋላ ለምሳ ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። አማቴ ሁለት ጉርሻ በልተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጓለይ፣ አሁን የምንደባበቀው ነገር የለም አይደል?»

«የለም፣ አቦይ።»

«ሽሮሽ ጨው ይበዛበታል።»

«ዛሬ?»

«ሦስት ዓመት።»

ባለቤቴ በሳቅ ታፈነ። እኔ ግን የሳቅኩት ቆይቼ ነው፤ መጀመሪያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አባቴም ደብረ ማርቆስ ሆኖ በእንዲህ ያለ ድምፅ ነበር ወጤን የሚነቅፈው፤ በዚህ ቤት ግን እስካሁን የነቀፈኝ አልነበረም። በማግስቱ ጨዉን ቀነስኩ። አማቴ ቀምሰው ትንሽ አሰቡና «አሁን ደግሞ አነሰ» አሉኝ።