ጥሩወርቅ ያጠፋችው ካሴት

ጥሩወርቅን የማያውቅ ሰው ዝምተኛ ናት ይላል። ውሸት ነው! ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ ከጀመረች ማን ያስቆማታል። የሥራ ቦታችንም አንድ ነበር፤ ሌክ ሃይላንድስ ያለ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሷ አረጋውያኑን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ እኔ ኪችን ነኝ። በፈረንጅ ዘጠና አራት ላይ ሚስ ዶራ የሚባሉ ሴትዮ ደረሷት። ቀይ ሕንድ የምንላቸው፣ የአገሩ የጥንት ባለቤቶች ወገን ናቸው።

ሚስ ዶራ የመጡት ከሩቅ ሰሜን ምዕራብ፣ ከኮሎምቢያ ወንዝ አገር ነው። በሃምሳዎቹ መንግሥት "ከተማ ግቡ፣ ሥራ አለ" ብሎ ከባላቸው ጋር ዳላስ አመጣቸው። ባልየው ግራንድ ፕሬሪ አውሮፕላን ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ሞተ። እሳቸው በእናታቸው ኔዝ ፐርስ፣ በአባታቸው ሳሃፕቲን የሚባል ቋንቋ ይችላሉ፤ የሚያናግራቸው ግን አንድ ሰው የለም። ሶ፣ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ወጣት ፕሮፌሰር ቴፕ ይዞ ይመጣል። "ልብ በእናትዎ ምን ይባላል? በአባትዎስ?" ይላቸዋል። በአንዱ ቲሚኔ፣ በሌላው ትምና። ይቀዳል፣ ይጽፋል።

ጥሩወርቅ አንሶላ እየቀየረች ትሰማለች። አንድ ቀን አላስችል አላትና ጠየቀችው። ሁለቱ ቋንቋዎች እህትማማቾች ናቸው አላት፤ እናት ቋንቋቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረች ሳትሆን አትቀርም፣ የምፈልገው እሷን ነው አላት።

"እና መጽሐፏ የት ገዳም ነው ያለው?"

የእኛ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል! ለእኛ የጥንት ቋንቋ ማለት ብራና ነው። ሰውየው ሳቀ። መጽሐፍ የለም፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የለም፣ ምንም የለም። የምትገኘው ከልጆቿ አፍ ብቻ ነው። ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ እናትየዋ እንዴት ብላው እንደነበር ሠርቶ አሳያት፤ ከቃሉ ፊት ኮከብ አደረገበት። ኮከቡ ማለት፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው በጆሮው አልሰማውም ማለት ነው።

ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። "አንቺ፣ ሙት ተነሣ እኮ ነው የምልሽ! ልቧን ምን ብላ ትጠራው እንደነበር፣ ያለ አንዲት ፊደል!" መጀመሪያ አፌዝኩባት። በኋላ ነገሩን ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

የጥሩወርቅ እናት ወልድያ ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። ሶ፣ ደብዳቤዋን የምትልከው በካሴት ነው። ያኔ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ እንሰጠዋለን። አንድ ቀን በብሬክ ሰዓቷ ሚስ ዶራን አስፈቅዳ፣ ፕሮፌሰሩ ትቶት በሚሄደው ቴፕ ግማሽ ሰዓት ቀዳች። ካሴቱን ያነሣችው ከፕሮፌሰሩ የካሴት ሳጥን ነው፤ ምንም ስላልተጻፈበት ባዶ መስሏታል። መልሳ ስታዳምጠው የራሷ ድምፅ አለቀና የሚስ ዶራ ድምፅ ተከተለ። ክው አለች። በእናታቸው ቋንቋ የተቀዱት፣ ከራስ እስከ እግር ያሉት የሰውነት ስሞች፣ የዘመድ ስሞች፣ ገና ወደ ወረቀት ያልተገለበጠ የአንድ ወር ሥራ ድራሹ ጠፍቷል።

የባሰው ደግሞ፣ ሚስ ዶራ ሳምባቸውን ታመው "ከእንግዲህ ቃል መቁጠር በቃኝ፣ ደክሞኛል" ብለዋል። ፕሮፌሰሩም ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው አላገኘም።

"ዝም በዪ!" አልኳት። "ካሴት ይበላሻል፣ ማን ያውቅብሻል? ከሥራ ትባረሪያለሽ!"

"እናትየዋን መልሼ ቀበርኳት እኮ" ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አፈርኩ፣ አልዋሽም።

ሐሙስ ለሚስ ዶራ ሾርባ ይዤ ስገባ ጥሩወርቅ ሁለቱ ፊት ቆማ እየተናዘዘች ነው። ፕሮፌሰሩ ድሮም ነጭ ነው፣ የባሰ ነጣ። ሚስ ዶራ ግን "እስቲ ክፈቺው" አሏት። የጥሩወርቅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ "እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ ወገቤን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ..." ሚስ ዶራ ምንም ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ማንን ነው የምታናግሪው?"

"እናቴን።"

"ይሄ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ሲጠይቀኝ ኖረ። እናትሽን አናግሪያት ያለኝ ግን የለም" አሉ። የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከሉና ማይክሮፎኑን ተቀበሉት።

አርባ ደቂቃ በእናታቸው ቋንቋ! እኚያ "ደክሞኛል" ያሉት ሴትዮ! ጉልበታቸውን ይነካሉ፣ ዓይናቸውን፣ ደረታቸውን፤ ይስቃሉ፤ ደግሞ ይቆጣሉ። የጠፋው ሁሉ እየተመለሰ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ሊጠይቅ ያላሰበው ሁሉ ጭምር። ሲጽፍ ሲጽፍ ቆየና እርሳሱን አስቀመጠው። ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ደስ የሚል ፍርሃት ነው፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።

ሲጨርሱ ጥሩወርቅ ቀስ ብላ "ምን አሏት?" አለችው። ፕሮፌሰሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

"'እማዬ፣ አንቺ ስትሞቺ ከነበረሽ ዕድሜ አሁን እኔ እበልጣለሁ' አሏት። 'ድምፄ አርጅቷል። የማታውቂያት አሮጊት መስዬሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔ ነኝ።'"