ፕሉቶኒየምን ያዳፈነችው ተማሪዬ

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ፕሉቶኒየምን አመድ ውስጥ አዳፈነችው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሰላ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከፀሐይ ርቀው የሚጓዙ መንኮራኩሮች ኃይል ከየት እንደሚያገኙ ለማስረዳት ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጅቻለሁ። "ኒውክሌር" ባልኩ ቁጥር ለክፍሉ የሚታየው ቦምብ ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ሊገመግሙኝ ማስታወሻቸውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። (በአሰላ ብርድ ላብ ያጠመቀው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።)

"እዚያ ሶላር አይሠራም" አልኩ። "ፕሉቶኒየም ግን ሳይነድ ለብዙ ዓመታት በራሱ ይሞቃል። ያ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል።"

ከሳጉሬ የመጣችው ጫልቱ ብድግ አለች።

"ቲቸር፣ የተዳፈነ እሳት ነው አይሉንም እንዴ! እኛ ቤት ማታ ፍሙን አመድ አልብሰን እናሳድረዋለን፤ ጠዋት እንደሞቀ እናገኘዋለን።"

ክፍሉ በአንድ አፍ "አሃ!" አለ። ሦስት ክፍለ ጊዜ የለፋሁበትን ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ርዕሰ መምህሩም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ፤ ለእኔ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ጫልቱ ግን አልተቀመጠችም። "ቲቸር፣ ጠዋት አመዱን ማን ይገልጥለታል?"

"እዚያ እኮ ሰው የለም" አልኳት።

"እንግዲያው እኔ እሄዳለኋ!"

ይኸው እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ። እናንተስ፣ ያስተማራችሁት ልጅ መልሶ አስተምሯችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። ጫልቱ እስክትሄድ ጊዜ አለን።