ድንጋዩ አጠገብ የቆመችው

ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ፣ ጥቁር የለበሱ አንዲት ሴትዮ ማዳበሪያ አንጥፈው የሟች ባላቸውን ስላይዶች ይሸጣሉ። ባላቸው ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሰው ቆም ሲል፣ በካርቶን የታቀፈችውን ትንሽ ፊልም ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ያን ጊዜ ሁሌም በግራ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይይዛሉ፤ ትንፋሻቸው ምስሉን እንዳያጠፋው የሚሰጉ ይመስላሉ።

«የጥያ ድንጋዮች ያሉባቸውን ስላይዶች ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ለቅሞ ወሰዳቸው» አሉኝ። «ሰው ያለበትን ግን አልፈልግም አለ። የማያውቀውን ሰው ማን ቤቱ ይሰቅላል፣ ልጄ?»

አንድ የጥያ ስላይድ ቀርቶ አየሁና ለምን እንደተወው ጠየቅኋቸው።

«ይቺ ሴት ገብታበት ነው። እሷ ባትኖርበት ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር አለኝ።»

ተቀብዬ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ከረጅሙ ትክል ድንጋይ ጎን አንዲት ወጣት ቆማ ፎቶ አንሺውን ታያለች። እየሳቀች መሰለኝ፤ በግራ እጇ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች።

ቀና ስል ሴትዮዋም ነጠላቸውን እንደዚያው ይዘው ያዩኛል።

«አሁን በኮምፒውተር እሷን ብቻ ማጥፋት ይቻላል ይላሉ» አሉኝ። «የሚችል ሰው ታውቃለህ?»